የወላጆች በዓል

በአገራችን ትምህርት ቤቶች የትምህርት ዘመኑ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የሚከበር አንድ በዓል አለ፤ እርሱም የወላጆች በዓል ነው። በታላላቅ ከተሞች ይህ ዕለት ከብዙ ጉዳዮች አንዱ ሆኖ ሳይታወቅ ያልፋል። በትንሽ ከተማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ፣ ባለጋሪው ፈረሱን ፈትቶ፣ እንጀራ ሻጯ ምጣዷን ከድና፣ ገበሬው ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ያመራል። ልጅ ያለውም የሌለውም ይመጣል። የትንሽ ከተማ ሰው የጎረቤቱን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ ይቆጥራልና፣ የማን ልጅ ስንተኛ እንደ ወጣ ሳይሰማ አያድርም።

የበዓሉ ሥርዐት እምብዛም አይለዋወጥም። ከዋዜማው ጀምሮ በባሕር ዛፍ አጣናና በሸራ ዳስ ይጣላል፤ አግዳሚ ወንበሮች ከየክፍሉ ይወጣሉ፤ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። በማግስቱ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ የክበባት አባላት ግጥምና ተውኔት ያቀርባሉ። በመጨረሻም ርእሰ መምህሩ ተነሥቶ ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ተማሪዎች ስም ይጠራል። ሽልማቱ በገንዘብ ሲተመን ብዙ አይደለም፤ ጥቂት ደብተር፣ ጥቂት እስክርቢቶ፣ ለአንደኛዋ ደግሞ መዝገበ ቃላት ቢሆን ነው። ይሁን እንጂ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ በሕዝብ ፊት ሲሰጥ ዋጋው ይለወጣል። ፊደል ያልቆጠረች እናት እልል ስትል፣ በሥራ ብዛት እጁ የሻከረ አባት እንባውን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ ያየ ሰው የዚያን ደብተር ዋጋ ለመተመን አይደፍርም።

እኔ መምህር እንደ መሆኔ ይህን በዓል ለብዙ ዓመታት ተመልክቻለሁ። ከተሸላሚዎቹ ይልቅ ልቤን ይስቡት የነበሩት ግን በአግዳሚው ላይ የሚቀሩት ናቸው። ከስድሳ ተማሪ ሦስቱ ይጠራሉ፤ ኀምሳ ሰባቱ ያጨበጭባሉ። ከኀምሳ ሰባቱ መካከል ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ አድራ የምትማር ልጅ አለች። ከአርባኛ ወደ ዐሥራ አምስተኛ የደረሰ ልጅ አለ። የእነዚህ ድካም በአንደኛና በሁለተኛ መካከል በሚለይ ሚዛን አይመዘንም። ታዲያ በዓሉ የማን በዓል ነው? ይህ ጥያቄ በአእምሮዬ ሲመላለስ ቢቆይም፣ መላው ከተማ ጠይቆት መልስ የፈለገለት በ2015 ዓ.ም. ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተሰጠው በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነበር። ከዚያ ቀደም ይታይ የነበረውን የፈተና ስርቆትና መኮራረጅ ለመግታት ሲባል፣ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ተነሥተው በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። የእኛም ልጆች ጓዛቸውን ጠቅልለው በአውቶቡስ ሲሳፈሩ፣ ከተማው መንገድ ዳር ቆሞ መርቆ ሸኛቸው። በጥር ወር ውጤቱ ሲነገር ግን፣ በአገሪቱ ከተፈተኑት ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ከመቶ ኀምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ከ1,100 በላይ የሆኑ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የእኛ ትምህርት ቤት ከእነዚያ አንዱ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ከተማዋ አንገቷን ደፋች። ወላጅ መምህሩን፣ መምህሩ ተማሪውን፣ ተማሪው ዕድሉን ይወቅስ ጀመር። ከወቀሳው ይልቅ የከፋው ግን የታናናሾቹ ተስፋ መቁረጥ ነበር። «እነዚያ ጎበዞች ካላለፉ እኛ ምን ልንሆን ነው?» እያሉ ከዘጠነኛና ከዐሥረኛ ክፍል የሚቀሩ ልጆች በየሳምንቱ ይጨምሩ ጀመር። አንዳንዱ ባጃጅ ሊነዳ፣ አንዳንዱ ቀን ሠራተኛ ሊሆን፣ አንዳንዷም ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ተነሣች። የስም መጥሪያው መዝገብ በየቀኑ እየሳሳ ሲሄድ፣ ትምህርት ቤቱ ያጣው የዚያን ዓመት ውጤት ብቻ እንዳልሆነ ተረዳን።

ሰኔ ሲቃረብ የወላጆች በዓል ጉዳይ ለውይይት ቀረበ። የወላጆችና የመምህራን ኮሚቴ በአንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ በሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን፣ «በሐዘን ቤት ከበሮ አይመታም። አንድም ተማሪ ሳናሳልፍ ዳስ ጥለን ብናጨበጭብ ልጆቹን መዋሸት ነው» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ፣ «ልጆቹ ያዘኑት ሳያንስ እኛ በራችንን ብንዘጋባቸው ትምህርት ቤቱ እስከ መስከረም ባዶ ይሆናል» ሲል ተከራከረ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ክርክሩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው።

በመጨረሻም፣ እንጀራ ሸጠው ሦስት ልጆች ያስተማሩ አንዲት እናት ከጥግ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ፣ እኔ አልተማርሁም። ያደግሁት ግን ገበሬ ቤት ነው። እህሉ በዋግ የተመታበት ገበሬ ዐውድማው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አይከርምም፤ እህሉ አምሮበታል ብሎም ጎረቤቱን አያታልልም። ‹ዘንድሮ አላገኘሁም› ይላል፤ ከዚያም በሬዎቹን ይቀልባል። በሬ የሚቀለበው ለከርሞ ነው። እናንተም የሆነውን ሳትደብቁ ንገሩን፤ ከዚያ ልጆቻችንን እንመርቅላቸው።»

ከዚህ ንግግር በኋላ የሚከራከር አልተገኘም። በዓሉ እንዲከበር ተወሰነ፤ የሚከበርበት መንገድ ግን ተለወጠ።

በዕለቱ ርእሰ መምህሩ በመጀመሪያ ያነበበው የተሸላሚዎችን ስም ሳይሆን የትምህርት ቤቱን ውጤት ነበር። ስንት ተማሪ እንደ ተፈተነ፣ ማንም ከመቶ ኀምሳ እንዳልደረሰ፣ በየትኛው ትምህርት ይበልጥ እንደ ደከሙ ሳይሸሽግ ተናገረ። ዳሱ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ እንደ ወትሮው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ተጠሩ። ቀጥሎ ግን ከዚያ በፊት ተጠርተው የማያውቁ ስሞች ተሰሙ፦ ከገጠር ቀበሌ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ተጉዛ አንድም ቀን ያልቀረች ልጅ፣ ከሁሉ ይበልጥ ውጤቱን ያሻሻለ ልጅ፣ የታናናሽ ክፍል ተማሪዎችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ያስጠና ልጅ። በመጨረሻም የዚያን ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ፈተናው ገና ከፊታቸው ስለ ነበረ፣ በአንድነት ቆመው በሽማግሌዎች ተመረቁ። የዚያ ቀን ጭብጨባ እንደ ቀድሞው በአንድ ጊዜ ፈንድቶ የሚጠፋ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ለረጅም ጊዜ የቆየ ነበር።

ስለዚህ ነገር ባሰብሁ ቁጥር በአርሲ ደጋ የምትገኘው በቆጂ ትዝ ትለኛለች። በቆጂ ትንሽ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር አሸንፋ ለወርቅ የበቃችው የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ደራርቱ ቱሉ የዚያች ከተማ ልጅ ናት። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የኦሊምፒክ ማራቶንን በማሸነፍ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያ የሆነችው ፋጡማ ሮባም የዚያው አካባቢ ልጅ ናት። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸውን አራት የወርቅ ሜዳልያዎች ያመጡት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በቆጂ ያፈራቻቸው ናቸው። ለዚህ ሁሉ የከፍታው አየርና የመንገዱ ርዝመት እንደ ምክንያት ይጠቀሳሉ። ነገር ግን ከፍ ያለ አየር ያላቸው ከተሞች ብዙዎች ናቸው። በቆጂ ከእነዚያ የተለየችው የስፖርት መምህር የነበረው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ስላላት ነው። እርሱም በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የሚሮጡትን ሕፃናት ተመልክቶ፣ ችሎታቸውን ለይቶ፣ ዓመት ከዓመት በማለዳ ተነሥቶ አሠልጥኗቸዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁሉም ልጅ ለሜዳልያ ይበቃል የሚል አይደለም። ከእነ ደራርቱ ጋር በዚያው ሜዳ ላይ ሮጠው ስማቸው ሳይሰማ የቀሩ ብዙዎች ናቸው። ትምህርቱ ሌላ ነው፤ ትልቅ ውጤት ከመታየቱ በፊት ትንሹን ጥረት የሚያይ ዐይን ያስፈልጋል። ሜዳልያ አንገት ላይ ከዋለ በኋላ ማንም ያጨበጭባል። በባዶ እግሩ የሚሮጠውን ሕፃን አይቶ «በርታ» የሚል ግን ጥቂት ነው።

ወደ ከተማችን ጉዳይ ስንመለስ፣ እውነቱ በግልጽ መነገሩ ፍሬ አፈራ። ሕዝቡ ችግሩን ከሰማ በኋላ «እኛስ ምን እናድርግ?» ብሎ ጠየቀ። አናጢው የተሰበሩትን ወንበሮች ያለ ዋጋ ጠገነ። ባለሱቆች አዋጥተው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ገዙ፤ መብራት ሲጠፋ ጥናቱ እንዳይቋረጥ አንድ ክፍል ለማታ ጥናት ተከፈተ። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የሚመጡ የከተማዋ ልጆች ሒሳብና እንግሊዝኛ ለማስጠናት ተስማሙ። ሴቶች ልጆች ማታ ብቻቸውን እንዳይመለሱ ወላጆች በየተራ ይሸኟቸው ጀመር። «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት በዐይናችን ፊት ተፈጸመ።

ውጤቱ ተአምር አልነበረም። የ2016 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት በታወቀ ጊዜ ከትምህርት ቤታችን ያለፉት ሦስት ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፉት 5.4 በመቶ ሲሆኑ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሰዋል። መንገዱ ገና ረጅም ነው። ሆኖም ከሦስቱ ይልቅ እኔን ያስደሰተኝ የስም መጥሪያው መዝገብ ነበር። ትምህርታቸውን ጥለው ከሄዱት አንዳንዶቹ ተመልሰው ስማቸው እንደ ገና ተጽፎ ነበርና።

ምስጋና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያልሠራውን እንደ ሠራ አድርጎ የሚያሞግስ ነው፤ ይህ ልጅን ያሰንፋል፤ ውሎ አድሮም ያሳፍረዋል። ሁለተኛው የተሠራውን ሥራ፣ ትንሽ ቢሆንም፣ በስሙ ጠርቶ የሚያመሰግን ነው። ይህኛው ተማሪውን ለተጨማሪ ሥራ ያነሣሣዋል። እውነትን የሚደብቅ ማበረታቻ ዕድሜ የለውም፤ ማበረታቻ የሌለው እውነትም ልብ ይሰብራል። ሁለቱን አስተባብሮ የያዘ ትምህርት ቤት ግን በክፉ ዓመትም ቢሆን አይዘጋም።

እናንተም ተማሪዎች፣ በትምህርት ቤታችሁ የወላጆች በዓል በሚከበርበት ዕለት ስማችሁ ቢጠራ ደስ ይበላችሁ፤ ድካማችሁ ነውና። ባይጠራ ደግሞ ካምና ከነበራችሁበት ምን ያህል እንደ ተራመዳችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በአግዳሚው ላይ ከአጠገባችሁ የተቀመጠውንም ጓደኛችሁን ተመልከቱ፤ እርሱ የደከመበትን ሥራ ከሁሉ አስቀድማችሁ ልታውቁለት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። መምህሩ ያላየውን ጥረት ካያችሁ ንገሩት፤ እናንተም አመስግኑት። ከዚያ ቀን የሚገኘው ደብተር በአንድ ዓመት ተጽፎበት ያልቃል፤ በወቅቱ የተነገረ «በርታ» የሚል ቃል ግን ዕድሜ ልክ ይከተላል።