ለጥበብ ስለምን ያልጻፍኩት

ጎፋ ካምፕ አካባቢ ቀድሞ ጋራዥ የነበረ አንድ አዳራሽ አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክረምት ላይ ዝናብ ሲጥል አሰልጣኙ እየጮኸ ቢቆጥርም አይሰማም። እዚያ ውስጥ ሃያ ሁለት ወጣቶች ዳንስና ሰርከስ ይለማመዳሉ። እኔ ደግሞ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ለእነሱ ገንዘብ ስለምን ኖሬያለሁ። በወረቀት ላይ የሥራ መደቤ «የከፍተኛ ልገሳዎች ኃላፊ» ይባላል። እናቴ ግን ጎረቤት ሲጠይቃት «ሀብታም ቤት እየሄደ ይለምናል» ነበር የምትለው። ከሁለቱ የእሷ ለእውነቱ ይቀርባል።

የቡድኑን ስም አልጠራም። ስሙን የሰማ ሰው ወደ ለጋሾቹ ቶሎ ይደርሳል፤ ልጆቹ ደግሞ አዳራሹን አሁንም ይፈልጉታል።

ወደ ሥራው የገባሁት ቸግሮኝ ነው። ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ። የሚከፈለኝ በጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ ወጥቶም ክፍያው ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል። ቡድኑም ለዓመታት ከአውሮፓ ይመጣለት የነበረው ድጋፍ ተቋርጦበታል። ሥራ አስኪያጁ ስለ ቡድኑ የጻፍኩትን አንብቦ ኖሮ ደወለልኝ። «አንተ ሰው ታውቃለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የጋዜጠኛ ሀብቱ የስልክ ቁጥር ነው። ያን ጊዜ ያላሰብኩት፣ አንዱን የስልክ ቁጥር ለሁለት ጌታ ማሠራት እንደማይቻል ነው።

ገንዘብ አሰባሳቢ ሲባል ብዙ ሰው ቲኬት የሚሸጥ ወይም ሳጥን ይዞ የሚዞር ይመስለዋል። ትልቅ ልገሳ ሌላ ነው። ከሺህ ሰው መቶ መቶ ብር አትፈልግም፤ ከአንድ ሰው መቶ ሺህ ትፈልጋለህ። ስለዚህ ያንን አንድ ሰው ከቤተሰቡ ባልተናነሰ ማወቅ አለብህ። ይህን ጥበብ ከማንም በፊት የሚያውቁት ሌሊት ከየደጁ እያዜሙ የሚለምኑት ላሊበላዎች ናቸው። የቤቱን ባለቤትና የልጆቹን ስም አስቀድመው ከጎረቤት ያጣራሉ፤ ከዚያ በስሙ እየጠሩ ያሞግሱታል። የሰጠ ይመረቃል፣ ያልሰጠ ግጥሙ ይዞርበታል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ላፕቶፕ መያዜና በቀን መሄዴ ነው። ማስታወሻዬ ላይ የባለሀብቱ የትውልድ ቦታ፣ የተማረበት ትምህርት ቤት፣ የሚሳለምበት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «እምቢ የማይለው ማንን ነው?» የሚለው አለ። በቀጥታ አይኬድም፤ አማላጅ ይላካል።

ከዚያ ደጅ ጥናቱ ይጀምራል። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላለች። በአራተኛው ቀን ስምህን ታውቀዋለች፣ በስድስተኛው ሻይ ታስመጣልሃለች። ስትገባ ስለ ገንዘብ አታነሳም። ስለ ልጆቹ አውርተህ ልምምድ እንዲያይ ትጋብዘዋለህ። መጥቶ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በሁለት ጓደኞቿ ትከሻ ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም ካየ ግማሹ ሥራ አልቋል። የቀረው ግማሽ አኃዝ መጥራት ነው። ጠርተህ ዝም ማለት። ይሄ ከሁሉም ይከብዳል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ዝምታውን መቋቋም እያቃተኝ «ግማሹም ቢሆን ይበቃናል» እያልኩ ራሴው ዋጋ እቀንስ ነበር።

«ብሩ ይቅርና በዓይነት እንስጣችሁ» የሚሉም አሉ። አንድ ሰሞን ዕቃ ቤታችን ውስጥ የታሸገ ውኃ ከልጆቹ ቁመት በላይ ተቆልሎ ነበር። ኪራይ ግን በውኃ አይከፈልም። ማይክ ይዞ በጭብጨባ መሀል ቃል የገባን ሰው በማግስቱ ስልክ ማስነሳትማ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

አይሰጡም ለማለት ግን አልደፍርም። ባለሀብቶቻችን ይሰጣሉ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የሚሠራው በማን ገንዘብ ነው? ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. «ገበታ ለሸገር» ላይ አንድ ሰው የሚቀመጠው በ5 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ተቀምጠዋልም። መንግሥት ሲጠራ ይመጣሉ፣ የአምላክ ቤት ሲሆን ይመጣሉ። ጥበብ ብቻውን ሲጠራ ነው ወንበሩ ባዶ የሚሆነው። አንዱ ነጋዴ በግልጽ ነግሮኛል፦ «ወንድሜ፣ ትምህርት ቤት ባሠራ ቆሞ ይታያል። የናንተ መብራቱ ሲጠፋ ያልቃል።»

ምክንያቱ ንፉግነት ብቻ አይመስለኝም። የመድረክ ጥበባችን ጠባቂው ከጥንት ጀምሮ ቤተ መንግሥቱ ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ሕዝቡን እንዲቀሰቅስ ተቋቋመ። ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር ቤት በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል በስማቸው ተከፈተ። ከአብዮቱ ወዲህ ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች የመንግሥት ደሞዝተኞች ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ከጎዳና ልጆች ሲጀመር ደግሞ አሰልጣኙ እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም ነበር። የአዲስ አበባ ነጋዴ በነዚህ ዓመታት ሁሉ ለመድረክ እንዲከፍል ማን ጠይቆት ያውቃል? አዝማሪ ግንባር ላይ ብር ከመለጠፍ በቀር አላለማመድነውም።

ሕጉም ቢሆን በር አልዘጋም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ገንዘብ ሁኔታው ከተሟላ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ያገኘኋቸው አብዛኞቹ ይህን ያውቃሉ። የሚፈሩት ደረሰኙ ሌላ ጠያቂ እንዳይጠራባቸው ነው። ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ አንዲት እናት ሃያ ሺህ ብር ቆጥረው ሰጡኝና ስማቸውን ባነር ላይ እንዳንጽፍ አስማሉኝ። «ከለጠፋችሁኝ ነገ ወረዳውም ዕድሩም ይመጣብኛል» አሉ። ከሁሉም ለጋሾቻችን ልምምድ ለማየት ሳይጠሩ የመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከሁሉም የበለጠ የሰጡን ቤት ሠርተው የሚሸጡ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ለአራት ወር ደጅ ከጠናሁ በኋላ ልጅ ሳሉ የሀገር ፍቅርን አጥር ዘለው ገብተው ትርዒት ማየታቸውን እየሳቁ አጫወቱኝ። «ስንት ነው የፈለግከው ልጄ?» አሉ። የአዳራሹን የዓመት ኪራይ ጠራሁ፤ 540 ሺህ ብር። ዝም አልኩ። ቼኩን እዚያው ጻፉት። ባነር አልፈለጉም፣ ንግግር አላደረጉም። ምንም አልጠየቁኝም፤ ይህ ይሰመርበት።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጎፋ ካምፕ ካለ ቡና ቤት ቀጠሩኝ። ጋዜጠኛ መሆኔን የነገራቸው የሠፈር ሰው ነው። ፌስታላቸውን ፈተው ወረቀት ደረደሩ፦ የቤት ሽያጭ ውል፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የአቤቱታ ደብዳቤ። ውሉ ቤቱ በሦስት ዓመት ተጠናቆ ይተላለፋል ይላል። ስድስት ዓመት አልፏል። እንደ እሳቸው ያሉ የሠላሳ አንድ ሰዎች ስምና ፊርማ አለበት። ከውሉ ራስጌ ላይ ያለውን አርማ ወዲያው አወቅኩት። ቼኩ ላይ አይቼዋለሁ።

«አየዋለሁ» አልኳቸው። ሰነዶቹን አንድ በአንድ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። የቡናውን ሂሳብ ከእኔ ቀድመው ከፈሉ።

በዚያ ሳምንት ሃያ ሁለትን ከሠላሳ አንድ ጋር ሳወዳድር ከረምኩ። ይህ ከወጣ ጋሼ የሚቀጥለውን ዓመት አይከፍሉም፤ ልጆቹ ይበተናሉ። መምህሩ ደግሞ ፍርድ ቤት አላቸው፣ ሌላ ጋዜጠኛ አላቸው። ራሴን እንዲህ አሳመንኩት። ለጋሼ ደውዬ ምላሻቸውን መጠየቅ እችል ነበር፤ ምናልባት በቂ ምክንያት ይኖራቸው ይሆናል፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እሱንም አላደረግኩም። መምህሩ ሁለት ጊዜ ደወሉ። «አዘጋጆቹ እያዩት ነው» አልኳቸው። ለማንም አዘጋጅ አልላክሁትም ነበር።

ስብሰባ ላይ አበል የሚቀበሉ ባልደረቦቼን ስተች የኖርኩ ሰው ነኝ። ፖስታ ተቀብዬ አላውቅም። እኔን ዝም ያሰኘኝ ግን ኪሴ ያልገባ ገንዘብ ነው። እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልገባም ማለት አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ የእኔ ደሞዝ ከዚያች ሃያ ውስጥ ነበር። ገቢው ሲሰፋ ነው የእኔም እንጀራ የሚሰፋው።

ለሥራ አስኪያጁ አንድ ሐሳብ አቅርቤለት ነበር፦ ከተወሰነ ብር በላይ የሰጡንን ሁሉ በየዓመቱ በስም እናውጣ፣ እኔም ስለ እነሱ እንደማልጽፍ በግልጽ ይታወቅ። «ስም ካወጣን ግማሾቹ ይሸሹናል» አለኝ። የመለዋወጫዋን እናት ሳስብ ልክ ነው። ጋሼን ሳስብ ልክ አይደለም። ክርክሩ ሳያልቅ ሥራውን ለቀቅኩ።

ባለፈው ወር በእኔ ቦታ የተቀጠረው ልጅ ደወለ። የዓመቱ ኪራይ ደርሷል፤ ጋሼን እንዴት እንደሚይዛቸው ፈልጎ ነው። ያወቅኩትን ሁሉ ነገርኩት። ጠዋት ሂድ፣ የሀገር ፍቅርን ነገር አንሳባቸው፣ ቡና ሲመጣ ስኳር አትጨምርላቸው፣ አይወስዱም። ስለ ፌስታሉ አልነገርኩትም።

ፎቶዎቹ አሁንም ስልኬ ውስጥ አሉ። ሃያ ሰባት ናቸው። ትናንት ይህን መጻፍ ስጀምር ለመምህሩ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አነሱት።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አሉ።