በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ፍርሃት

እብድ ሳይንቲስት የሚታይባቸውን አሮጌ አስፈሪ ፊልሞች ሳታዩ አልቀራችሁም። ታሪካቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ከሰው የራቀ ቤት፣ የሚንተከተኩ ብልቃጦች፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ ከዚያም የሚያቆመኝ የለም ብሎ የተነሳ አንድ የተማረ ሰው። ብዙ ወላጆች ዝባዝንኬ ነው ብለው ይዘጉታል። የእኔ ሐሳብ ግን ትንሽ ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ1955 ኤድ ዉድ የተባለ አሜሪካዊ «ብራይድ ኦፍ ዘ ሞንስተር» የተሰኘ ፊልም አወጣ። ገንዘብ አልነበረውም። በፊልሙ ውስጥ ሰው የሚበላው ኦክቶፐስ የተባለ የባሕር አውሬ ከጎማ የተሠራ ነው። የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ስላልነበረ ተበይው ራሱ የአውሬውን እጆች ይዞ በላዩ ላይ ያወናጭፋቸዋል! ልጆች ይህን ሲያዩ ይስቃሉ። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልም ዓይንን ያታልላል። ይህኛው ማታለል ስለማይችል ልጁ ፍርሃቱን እንደ መጫወቻ አገላብጦ እንዲያየው ጊዜ ይሰጠዋል። የሚስበውም በዚህ ይመስለኛል።

ሳቁ የሚቆምበት ቦታ ግን አለ። ሳይንቲስቱን ሆኖ የሠራው ቤላ ሉጎሲ በ1931 በ«ድራኩላ» ዝናው የናኘ የሀንጋሪ ስደተኛ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን አርጅቷል፣ ሱስ ጎድቶታል፣ ሥራም ርቆታል። በፊልሙ ውስጥ ከአገሩ መባረሩንና ቤት አልባ መሆኑን ሲናገር፣ ዙሪያው ሁሉ የውሸት ቢሆንም የሽማግሌው ድምፅ የውሸት አይደለም። በቀጣዩ ዓመት ሞተ።

በ1962 ለእይታ የበቃው «ዘ ብሬይን ዛት ዉድንት ዳይ» ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። አንድ ሐኪም በመኪና አደጋ የሞተች እጮኛውን ጭንቅላት ትሪ ላይ አድርጎ በሕይወት ያቆያታል፤ አካል ሊፈልግላትም ሌሎች ሴቶችን ያድናል። ተዋናይቱ ጠረጴዛው ሥር መቀመጧ ለማንም ግልጽ ነው። ሆኖም እንድትሞት እንዲተዋት ስትለምነው አይሰማትም። እኛ ዘንድ አጀል ከደረሰ ደረሰ ነው። ሐኪሙ ግን የሚታገለው ሞትን ብቻ አይደለም፤ የእሷንም ቃል ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ስለሚወዳት ነው። ከጭራቅ ሁሉ ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው።

ልጆቼ ግን ደጋግመው የሚያወሩት ስለ ሎቦ ነው። ሎቦ የሉጎሲው ሳይንቲስት አገልጋይ ነው። መናገር አይችልም፣ በጅራፍ ይገረፋል፣ የታዘዘውን ሁሉ ይፈጽማል። ለታሰረችው ሴት ግን አዘነና ጌታውን እምቢ አለ። ትንሹ ልጄ እዚያ ቦታ ሲደርስ ብድግ ብሎ ይቆማል።