ተራው የማን ነው?

እኛ የሽሮ ሜዳ ሰዎች ጠዋት ጠዋት የምንፈራው የታክሲ ግፊያ ነበር። ልጅ ያዘለች እናት፣ ደብተሩን በብብቱ የያዘ ተማሪ፣ የነጠላ ጥቅል የተሸከመ ነጋዴ፣ ሁሉም በአንድ በር ይጋፋል። ጉልበት ያለው ይገባል፣ አቅመ ደካማው ይቀራል። ኪስ አውላቂውም ሥራውን የሚሠራው እዚያው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታዲያ አንድ ልጅ ተነሣ። ልጅ ስል ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ስሙን ልተወው። ማንም ሳይሾመው፣ “እስቲ ተሰለፉ፣ ሰው አይደለንም እንዴ?” ብሎ ጀመረ። መጀመሪያ ሳቅንበት። በሳምንቱ ተሰለፍን። ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ ያስቀድማል፤ ወያላው ታሪፍ ሲጨምር ይከራከርልናል፤ ለድካምህ ቢሉት ሳንቲም አይቀበልም። ስድብ ከአፉ አይወጣም። እኔማ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ፣ “ይቺ አገር መሪ አላጣችም” አልኳት። እሷ ግን፣ “ተው እስቲ፣ ገና ነው” አለችኝ።

አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ተራ አልፎ ሊገባ ሲል ልጃችን በጥፊ አጮለው። ሰልፈኛው አጨበጨበ። መደበቅ ምን ያደርጋል፣ እኔም አጨበጨብኩ። “እንዲህ ያለውን ካልመቱት አይገባውም” ያልኩትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ፤ እኛ ግን ቶሎ አላየነውም። ሰልፉ ያው ሰልፍ ነው፣ እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ ቀጥ አለ። ግን ማንም አይናገርም። በፊት “አንተ፣ እኔ እኮ ቀድሜሃለሁ!” እያሉ ሁሉንም ይቆጡ የነበሩ አንዲት አሮጊት እንኳ ዝም አሉ። ጥቂት ሰንብቶ የልጁ ጓደኞች ከኋላ እየመጡ ከፊት መግባት ጀመሩ። ጠያቂ የለም። አንድ ዝናባማ ማለዳ ከሰልፉ ጭራ ላይ ቆሜ ሳለ ዓይኑ አየኝ። “ጋሼ፣ እርስዎማ ይምጡ!” አለኝ። ሠላሳ ሰው አልፌ ገባሁ። የሰው ዓይን ጀርባዬን ሲወጋኝ ይሰማኛል። ግን ገባሁ።

ታክሲው የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ስድስት ኪሎ ሲደርስ የዩኒቨርሲቲው በር ታየኝ። ያ ግቢ ድሮ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በዚያች ማለዳ፣ ሌላ ጊዜ ሳላስበው የማልፈው ገርማሜ ንዋይ ትዝ አለኝ።

ገርማሜ በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው። የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆኖ ሲሾም እንደ ብዙው ሹም ሊበላ አልሄደም። መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ሰጠ፤ መንገድና ትምህርት ቤት አሠራ። ባለመሬቶቹ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉበትና ተነሥቶ ወደ ጅጅጋ ተላከ። እዚያም ያሰበውን እንዳይሠራ እጁ ታሰረ። በመጨረሻ ከወንድሙ ከክቡር ዘበኛው አዛዥ ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር ሆኖ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ መፈንቅለ መንግሥት አደረገ። መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ ተይዘው ገነተ ልዑል ገቡ። ምድር ጦርና አየር ኃይል ተነሥተውባቸው ነገሩ እንደተበላሸ ሲታወቅ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን፣ አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው ክፍል መሣሪያ ባልያዙት ታጋቾች ላይ ተተኮሰ። 15 ያህል ሰው አለቀ። አምስቱን ዓመት ጣሊያንን የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ ከሟቾቹ አንዱ ነበሩ። ገርማሜም ሳምንት ቆይቶ በሽሽት ላይ ሳለ ሞተ። ወንድሙ በመጋቢት ወር ተሰቀለ።

እኔ በሻይ ቤት ክርክር ሁሉ የገርማሜ ጠበቃ ነበርኩ። “ሌላ በር መቼ ተውለት?” እላለሁ። አሁንም እላለሁ፤ ንጉሥን “አጥፍተሃልና ውረድ” የሚል መድረክ አልነበረም። ግን እነዚያ ሰዎች እኮ ተይዘው የተቀመጡ ነበሩ። እነሱን በመግደል አንድ ጋሻ መሬት ለአንድ ገበሬ አልተገኘም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ሲረሽን ደግሞ፣ አገሩ መንገዱን አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ያን ጊዜም የደገፈ አልጠፋም።

ይህን ሐሳብ ይዤ ማታ ወደ ጎረቤቴ ጎራ አልኩ። ሽማኔ ነው፣ የጋሞ ሰው። መወርወሪያውን ሳያቆም አዳመጠኝና ስለ መስከረም 2011 አነሣልኝ። በዚያ ወር እዚሁ አጠገባችን ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው ነበር። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ሊበቀል ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ ያን ሣር ረግጦ ማለፍ አልቻለም፤ ተመለሰ።

“ሣሩ ብቻውን ምን ኃይል አለው ብለህ ነው?” አለኝ። “እኛ ዘንድ ሃላቃ የሚባል አለ። ዱቡሻ ላይ ሰው ተሰብስቦ ይመርጠዋል። ካጠፋ ያው ዱቡሻ ያወርደዋል። ሽማግሌም የሚከበረው ሲናገር ብቻ ሳይሆን ሲነግሩትም ስለሚሰማ ነው። የእናንተን ልጅ ማን መረጠው? ማንስ ያወርደዋል?”

መልስ አልነበረኝም። ልጁ ጥሩ ልጅ መሆኑን አሁንም አልጠራጠርም። ጥሩነቱን የሚጠብቅለት ሰው ነው ያጣው። ሥርዓቱ የእሱ እጅ ሆነና፣ እጁ ወደ ወደደው ሲያደላ አብሮ አደላ። እጁን ደግሞ በጭብጨባ ያበረታነው እኛ ነን። ስለ መሪ ግብረ ገብ ስናወራ የመሪውን ልብ እንመረምራለን። ከተራው ሰው አፍ “አንተም ተሰለፍ” የሚል ቃል ይወጣ እንደሆነ ግን አንጠይቅም።

በማግስቱ ልጁ ገና ሲያየኝ፣ “ጋሼ፣ ይምጡ!” አለኝ።

“ተራዬን ልጠብቅ” አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ጠጋ ብሎ፣ “ምነው፣ አስቀየምኩዎት?” አለኝ።

“ያን ቀን ልጁን ስትመታው አጨብጭቤልሃለሁ። ጥፋቱ የኔም ነው። ጓደኞችህም እንደኛው ይሰለፉ” አልኩት። ድምፄ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ነበር። ሰልፉ ጸጥ አለ። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም፤ ትንሽ ቆሞ ወደ ታክሲው ሄደ።

ያቺ ዝምተኛ አሮጊት ከኋላዬ ነበሩ። ምርቃት ጠብቄ ዞር አልኩ።

“አንተ፣ እኔ እኮ ቀድሜሃለሁ!” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አስቀደምኳቸው።