የብስክሌት መንገደኛና የአባት ዕዳ

ስለ ልጅ አስተዳደግ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። እኔ ግን የምጽፈው በገዛ ቤቴ የደረሰውን ነው፤ ነገሩም እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር፥ በአንድ ቅዳሜ ቀን፥ ከአማኑኤል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚያስገባው መንገድ ዳር ካለው ቤቴ ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ፥ አንድ የሆላንድ ሰው ግንባሩ እየደማ፥ እንደ አጋሰስ የጫነውን ብስክሌት እየገፋ መጣ። ከካይሮ ተነሥቶ እስከ ኬፕታውን የሚሄድ መንገደኛ ነበረ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ «ቱር ዳፍሪክ» የተባለው ጉዞ ብዙ ብስክሌተኞችን በዚሁ መንገድ ሲያሳልፍ አይተናል፤ ይህ ሰው ግን ብቻውን ነበረ። ባለቤቴ ቍስሉን አጠበችለት፤ ቡናም አፈላች። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርሁት እንግሊዝኛ አጫወትሁት።

የፍርድ ቤት ጸሐፊ መሆኔን በሰማ ጊዜ፥ ቍስሉን ረስቶ ስለ መንገድ ሕግ ይጠይቀኝ ጀመር። ወደ አንድ አገር ሲገባ አስቀድሞ የሚጠይቀው፥ መኪና የሚሄደው በየትኛው ወገን እንደ ሆነና ጥሩንባ ሲነፋ ምን ማለት እንደ ሆነ ነው። ሞያሌን ተሻግሮ ኬንያ ሲገባ ወደ ግራ መዛወር እንዳለበት ያውቃል። በእኛም አገር እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና በግራ ይሄድ እንደ ነበረ ነገርሁት። ስለ ጥሩንባው ግን ተሳስቶ ኖሯል። በአገሩ ከኋላ ጥሩንባ የሚነፋ ሾፌር የተቈጣ ነውና፥ ከመተማ ጀምሮ ሾፌሮች ሁሉ የሚሰድቡት መስሎት ነበር። «ከኋላህ አለሁ፥ ተጠንቀቅ ማለታቸው ነው» ብለው እጅግ ሳቀ። ነገር ግን ጥሩንባውን ከነፉ በኋላ መንገዱ ሁሉ የእነርሱ የሚሆን የሚመስላቸው አሉ፤ ይህንንም አልደበቅሁትም። የዓባይን በረሃ ቍልቍለት በማለዳ፥ የጭነት መኪና ሳይበዛ እንዲወርድ መከርሁት፤ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ መንገድ ነውና።

በአገሩ ብስክሌተኛ የገጨ ባለ መኪና፥ ከዐቅሙ በላይ የሆነ ነገር እንደ ገጠመው ካላስረዳ በቀር፥ ካሣ ይከፍላል አለኝ። እኔም ኰራ ብዬ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን አወጣሁና ቍጥር 2081ን ተረጐምሁለት፤ የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት በመሠረቱ ኀላፊ ነው። እንግዳውም ተደነቀ። «ድንጋይ ቢሆንስ?» አለና ወደ በሩ አየት አድርጎ ዐይኑን ሰበረ።

በበሩ ኋላ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጄ ቆሞ ነበር። ቡና ሲጠጣ ሁልጊዜ ቈሎ ለመሻማት የሚቀድም ልጅ፥ የዚያን ቀን ጠርተነው አልቀረበም።

«ልጄ፥ ይህን ሰው የወገረ ማን ነው?» አልሁት።

«አባዬ፥ ሁሉም ወረወሩ፤ እኔ አንድ ብቻ ነው።»

ቀበቶዬን ልፈታ ስነሣ እንግዳው እጄን ያዘኝ። ያን ጊዜ በቆሎ ተማሪነቴ ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳ አንግቼ ስለምን፥ የመንደር ልጆች ውሻ እያሳሰሩብኝ የሮጥሁት ሁሉ ትዝ አለኝ። ለልጄ ይህን ታሪክ ደጋግሜ አጫውቼው ነበር፤ ነገር ግን እንዲስቅ አድርጌ ነበር ያጫወትሁት።

ከቍጥር 2081 ጥቂት ገጾች ዐለፍ ብሎ ቍጥር 2124 አለ። አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት ኀላፊው አባቱ ነው ይላል። በመዝገብ ላይ የሌሎችን አባቶች ስም በዚህ ቍጥር ሥር ስጽፍ ኖሬ፥ የዚያን ቀን በራሴ ላይ አነበብሁት። እንግዳው ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ ይልቁንም የተሰበረውን የኋላ መብራት የሚያሠራበትን ቤት ልጁ እንዲያሳየው ለመነኝ። ሁለቱ ብስክሌቱን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ከተማ ሲወርዱ፥ እኔ የሠራተኛውን ዋጋ ይዤ ራቅ ብዬ ተከተልሁ። በመንገድ ላይ ሌሎች ልጆች ድንጋይ ሲያነሡ ልጄ በስማቸው እየጠራ ሲቈጣቸው ሰማሁ። ምን እንደ ተነጋገሩ እስካሁን አልነገረኝም፤ ቋንቋም አልነበራቸውም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በጸጥታው ጕድለት ምክንያት በደጃችን የሚያልፍ የውጭ አገር ብስክሌተኛ አላየሁም። ልጄ ዐድጎ ባጃጅ ይነዳል፤ ጥሩንባ ያበዛል እያለች እናቱ ትከስሰዋለች።