የበረዶው ወራት ሲፈጸም

የደስታ መጀመሪያው ብቻ ሳይሆን ፍጻሜውም እንዲያምር መጠኑን ማወቅ ያሻል። ይህን ነገር ከዕድሜ የተማርነው ይመስለን ነበር፤ ዳሩ ግን ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር መጨረሻ በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ተራራ ላይ ከባልንጀሮቻችን ጋራ በዋልንበት ቀን ገና እንዳልተማርነው ተረዳነው። ስለዚህ የዚያን ቀን ነገር፣ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ፣ ለአንባቢዎቻችን ልንጽፍ ወደድን።

በዴንቨርና በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከነዚህም ውስጥ እኛ አራት ባልንጀሮች ሆነን በያመቱ የበረዶው ወራት ሲፈጸም አራፓሆ ቤዚን ወደሚባለው ተራራ መውጣት ልማዳችን ነው። ስፍራው ለስኪ መንሸራተቻ የተከፈተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ነው። ግርጌው እንኳ ከባሕር ወለል በላይ 3,286 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ብዙዎቹ ተራሮች በሚያዝያ ሲዘጉ እርሱ በረዶው በበቃ ዓመት እስከ ሰኔ ይቆያል። በመኪና ማቆሚያው አጠገብ ያለውን ሜዳ ሰዎች «የባሕር ዳር» ይሉታል። ባሕር በዚያ የለም፤ ነገር ግን ሥጋ የሚጠብስና ወንበር ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ይሞላበታል።

በአገራችን በረዶ ማለት ከሰማይ ወርዶ እህል የሚመታ ነገር ነውና ኢትዮጵያዊ በስኪ ይንሸራተታል ሲባል የሚስቅ አይጠፋም። ሆኖም ሮቤል ተክለ ማርያም የሚባለው ኢትዮጵያዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በኢጣልያ በቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ በስኪ ተወዳድሮ የአገሩን ስም አስጠርቷል።

የበልግ በረዶ እንደ ብርዱ ወራት በረዶ አይደለም። ሌሊት ይረጋል፤ ጧት እንደ መስተዋት ይጠነክራል፤ ፀሐይ ስትነካው ላዩ እንደ ጨው ቅንጣት ይላላና እግር በደስታ ይሄድበታል። ይህ መልካም ሰዓት ግን አጭር ነው። ከቀትር በኋላ በረዶው ውሃ ጠጥቶ እንደ ጭቃ ይከብዳል፤ የስኪውንም ጣውላ ድንገት ይይዘዋል። ሰውነት ወደ ፊት ሲሄድ እግር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ጉልበት ነው።

ከአራታችን አንዱ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ቀኑ ስለ ተቆረጠ፣ ያች ዕለት የመሰናበቻ ዕለት ነበረች። ከጧቱ 3 ሰዓት ጀምረን በሽቦ ላይ በተንጠለጠለው ወንበር እየወጣን እየተሳሳቅን ስንወርድ ቆየን። 6 ሰዓት ሲሆን በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ «ልጆቼ፣ በረዶው ደክሟል፤ ይብቃንና እንጀራችንን እንብላ» አሉ። ተጓዡ ባልንጀራችንም እሺ ብሎ ጣውላውን ሊፈታ ጐንበስ አለ። እኛ ግን፣ ይህን የምንጽፈው፣ መለየቱ ስለ ከበደን «አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚህ በኋላ መቼ እንገናኛለን?» ብለን ለመንነው። እርሱም ፊታችንን አይቶ እንቢ ማለት አልቻለም።

ከተራራው ወገብ ስንደርስ ከፊታችን ይሄድ የነበረው ወዳጃችን ግራ እግሩ በለሰለሰው በረዶ ተያዘና ተጠምዝዞ ወደቀ። ጩኸቱን ስንሰማ ሐሞታችን ፈሰሰ። የተራራው ጠባቂዎች መጥተው እግሩን ካሰሩለት በኋላ በበረዶ ላይ በሚጎተት አልጋ አስተኝተው አወረዱት። ጋሼ ከታች ቆመው ይጠብቁን ነበር። አንድም የተግሣጽ ቃል ሳይናገሩ ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱት። ዝምታቸው ግን ከተግሣጽ ይልቅ ወጋን።

ሐኪሙ የጉልበቱ ጅማት መበጠሱን ነገረው፤ አዲሱንም ሥራ የጀመረው በምርኩዝ ነው። ይቅርታ ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ «እኔም ልቤ ወድዶ ነበር፤ ጥፋቱን ለብቻህ አትሸከመው» አለን። ቃሉ ቢያጽናናንም ጥፋታችንን አላስረሳንም።

አባቶቻችን እንግዳ ሲያሰናብቱ እስከ ደጃፍ፣ ከዚያም አልፎ እስከ መንገድ ይሸኙታል፤ ነገር ግን ጉዞው እንዳይመሽበት በጊዜ ይለቁታል። እኛ ወዳጃችንን በመውደዳችን አልተሳሳትንም፤ የተሳሳትነው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ይዘን በማቆየታችን ነው። ባልንጀራን በጊዜው መልቀቅ ከፍቅር ይቈጠራል።

ወዳጃችን አሁን ድኖ ያለ ምርኩዝ ይሄዳል፤ በሚመጣው የበረዶ ፍጻሜም ሊጎበኘን ተስፋ ሰጥቶናል። እኛም 6 ሰዓት ሲሆን ጣውላችንን አስቀድመን የምንፈታ እንድንሆን ለጋሼ ቃል ገብተናል።