የማርሽ ፉጨት

እማዬ ጡረታ ከመውጣቷ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የአጥንት ክፍል ነርስ ነበረች። ማታ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እያወለቀች የዕለቱን ትነግረናለች። «ዛሬ ሦስት ሞተር ገባ» ትላለች። ሦስት ሰው ማለቷ ነው። በእነሱ ክፍል ቋንቋ ከሞተር ሳይክል የወደቀ ሰው ስሙ «ሞተር» ነው፤ ከፎቅ የወደቀው ደግሞ «ፎቅ»። ልጅ ሆኜ ሞተር ሲባል መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ሁለት ጎማ ሳይሆን በጀሶ የታሰረ እግር ነበር።

ስለዚህ ሞተር ሳይክል መግዛቴን አልነገርኳትም። ሁለት ዓመት ሙሉ።

እሑድ እሑድ ከሜሪላንድ ስደውልላት «መኪናህ ደህና ናት?» ትለኛለች። ደህና ናት እላለሁ። ውሸት አይደለም፣ መኪናዋ ደህና ናት። ከመኪናዋ ጎን የቆመችው ቀይዋ ግን አልተጠየቀችም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር፦ በአማርኛ «ሞተር» ስንል ተሽከርካሪውንም፣ ውስጡ ቤንዚን የሚያቃጥለውን ብረትም ማለታችን ነው። እዚህ ግን ተሽከርካሪዋን ሞተር፣ የውስጧን ኢንጂን እላለሁ፤ አለበለዚያ መንገድ ላይ እንጠፋፋለን። ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቀይዋ የ2000 ሆንዳ ቪኤፍአር 800 ናት። ስፖርት ቱሪንግ ከሚባለው ዘር ነች፤ ማለትም ኩርባ ላይ እንደ እሽቅድምድም ሞተር የምትተኛ፣ ግን ሻንጣና ሰው ጭና ቀኑን ሙሉ ብትነዳ ወገብ የማትቆርጥ። ሁለቱንም እሆናለሁ የሚል ነገር ብዙውን ጊዜ አንዱንም አይሆንም። ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። እኔም ሌላ ቀለል ያለ ሞተር ልገዛ ነበር ያሰብኩት። ሻጩ፣ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ የሸበተ ሰውዬ፣ ስለ ዋጋ ማውራት እንኳ ሳንጀምር «መጀመሪያ ስማት» ብሎ አስነሳት።

ያፏጫል። ከማርሚታው ከሚወጣው ድምፅ በታች ሌላ ቀጭን ድምፅ አለ፤ ሩቅ ሰፈር ያለ ወፍጮ ቤት ከሰዓት በኋላ የሚሰማ ዓይነት። ነዳጅ ሲሰጣት ፉጨቱም አብሮ ይወጣል። ኢንጂነሪንግ ተምሬያለሁና በአመክንዮ ገዛኋት ብል ደስ ይለኝ ነበር። በድምፁ ነው የገዛኋት።

ቤት ከገባሁ በኋላ ነው «ይሄ ድምፅ ከምን ይመጣል?» ብዬ መፈለግ የጀመርኩት። ፍለጋው ወደ 1983 ወሰደኝ።

በዚያ ዓመት ሆንዳ ቪኤፍ 750 ኤፍ የሚባል ሞተር ለገበያ አቀረበ። አራት ሲሊንደር ያለው ኢንጂን ነበረው፤ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ተከፍተው ቪ ቅርጽ የሠሩ፣ በመካከላቸው 90 ዲግሪ። ይህ አቀማመጥ አራት ሲሊንደር እያለው ጠባብ ነው፤ ፒስተኖቹ ሲወጡና ሲወርዱ የሚፈጥሩት ዋናው ንዝረትም እርስ በርሱ ይጣፋል። ሁሉም ሰው ተደነቀ። ከዚያ ካምሻፍቱ መበላት ጀመረ። ካምሻፍት ማለት ቫልቮቹን በሰዓታቸው እየገፋ የሚከፍት ዘንግ ነው፤ ላዩ ላይ እንቁላል የመሰሉ ጉብታዎች አሉት። እነዚያ ጉብታዎች ያለ ጊዜያቸው አለቁ። ባለቤቶቹ «የቸኮሌት ካም» የሚል ስም አወጡላቸው። ሆንዳ አንዱን ማስተካከያ ሌላው እየተከተለው ላከ፤ እኛ ሥራ ላይ ዓርብ ማታ ችኩል ማስተካከያ እንደምንለቀው ማለት ነው። ስሙ ግን ተጎድቶ ነበር።

(እግረ መንገዴን፦ በዚያው በ1983 የሬገን መንግሥት ሃርሊ ዴቪድሰንን ከጃፓኖች ለመከላከል ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑ ከውጭ በሚገቡ ሞተሮች ላይ 45 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ። ሆንዳ ምን አደረገ? ለአሜሪካ ብቻ ኢንጂኑን ከ700 በታች አሳንሶ ቪኤፍ 700 ብሎ አመጣው። ሕግ ሲወጣ ቀዳዳውን የሚያይ መሐንዲስ በየአገሩ አለ።)

1986 ላይ መልሱ መጣ፤ ቪኤፍአር 750። እኔን ያስደነቀኝ እዚህ ጋ ያለው ነገር ነው። በአሮጌው ኢንጂን ካምሻፍቱን የሚያሽከረክረው ካቴና ነበር። ለመበላቱ በዋናነት ሲወቀስ የነበረው ግን የዘይቱ አቅርቦትና የካምሻፍቱ መቀመጫ ልቅነት እንጂ ካቴናው አልነበረም። ሆንዳ ካቴናውንም ጭምር አወጣው። በምትኩ ከክራንክሻፍቱ እስከ ካምሻፍቱ ድረስ ጥርስ ለጥርስ የተነካከሱ ማርሾች ደረደረ። ማርሽ አይላላም፣ አይረዝምም፣ ማስወጠሪያ አይፈልግም። ግን ውድ ነው፣ ይከብዳል፣ ድምፅ አለው። ለእሽቅድምድም ሞተር የሚሠራ ነገር ነው፤ ሰው ሥራ የሚሄድበት ሞተር ውስጥ ማስገባቱ ከልክ ያለፈ ነበር።

እኔ ይህን እንደ ይቅርታ ነው የማየው። ጥፋቱን ብቻ ቢያስተካክሉ ማንም አያምናቸውም ነበር። ስለዚህ ያልተበላሸውንም አብረው ቀየሩት፤ ያውም ማንም ሰው ቆሞ በጆሮው ሊሰማው በሚችል መንገድ። ፉጨቱ «ከእንግዲህ አይደገምም» ይላል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የዕድገት ናቸው፤ ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። 1990 ላይ የኋላ ጎማውን የሚይዘው ክንድ በአንድ በኩል ብቻ ሆነ፤ ከእሽቅድምድም የመጣ ሐሳብ ነው፤ ከአንደኛው ጎን ስታየው ቸርኬው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። 1994 ላይ ቀነሰች፣ አማረች። 1998 ላይ ኢንጂኑ 782 ሲሲ ሆነ፣ ካርቡሬተር ቀርቶ የነዳጅ መርጫ ገባ፣ ራዲያተሮቹ ወደ ጎንና ጎን ተከፈሉ፣ ፍሬኖቹም ተያያዙ፤ የእጁን ስትይዝ የኋላውም ትንሽ ይይዛል፣ የእግሩን ስትረግጥ የፊቱም ይሳተፋል። በ12 ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ተቀይሯል። ማርሾቹ ግን አልተነኩም። የእኔዋ የዚህ ትውልድ ናት።

2002 ላይ ነኩት።

አዲሱ ሞዴል ቪቴክ ይዞ መጣ። ኢንጂኑ ቀስ ብሎ ሲሽከረከር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ከአራቱ ቫልቮች ሁለቱ ብቻ ይሠራሉ፤ በደቂቃ ወደ 7,000 ዙር ገደማ ሲደርስ ቀሪዎቹ ሁለቱ ይነቃሉ። ካምሻፍቱም ወደ ካቴና ተመለሰ። በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ ካቴና ይቀልላል፣ ይረክሳል፣ ዝም ይላል። ካቴና ያለው ኢንጂንም በአግባቡ ከተሠራ ምንም አይሆንም፤ በዓለም ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሞተሮች እንደዚያ ናቸው። አሽከርካሪዎቹ ግን ተቆጡ። ብዙዎቹ አሮጌዋን አንሸጥም አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ሁለት ወገን ናቸው፤ ባለ ማርሽና ባለ ካቴና። እርስ በርስ ሲከራከሩ ብታዩ ሃይማኖት ነው የምትሉት።

መጀመሪያ ሳነብ በአሽከርካሪዎቹ ስቄ ነበር። ከዚያ የራሴን ሥራ አስታወስኩ። ባለፈው ዓመት የመጋዘን ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን አንድ ፕሮግራም እንደ አዲስ ስንጽፍ፣ ዕቃ በተቆጠረ ቁጥር «ጢት» የሚለውን ድምፅ አወጣሁት። አላስፈላጊ መስሎኝ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት አለ እኮ! በሁለት ሳምንት ውስጥ የቆጠራው ስህተት በዛ። ሰዎቹ ስክሪኑን አያዩም ነበር፤ ዓይናቸው ዕቃው ላይ ነው፣ የሚያምኑት ጆሯቸውን ነው። አንዲት ሠራተኛ ስትነግረኝ አልጮኸችብኝም። «ድምፁ ከጠፋ ወዲህ መቁጠሬን አላምንም» ነው ያለችኝ። በማግሥቱ መለስኩት።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ማርሽ ከካቴና ይበልጣል ለማለት አይደለም። እንዲያውም ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ሐሳቤ ወደ ሌላኛው ወገን እየተሳበ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል መንገድ አለ፤ በተራራ ጀርባ ላይ 105 ማይል ይሄዳል። በጥቅምት ቅጠሉ ሁሉ ቀይና ቢጫ ይሆናል። የፍጥነት ገደቡ 35 ማይል ነው፤ ምክንያቱም ጭጋግ አለ፣ አጋዘን አለ፣ እርጥብ ቅጠል አለ። እኔ በ50 ነበር የምሄደው። ማንም አላስገደደኝም፤ ፉጨቱ ደስ የሚለው ከዚያ ጀምሮ ስለሆነ ብቻ ነው። ኩርባውን ስወጣ አጋዘኗ መንገዱ መሃል ቆማለች። ፍሬኑን በሙሉ እጄ ጨበጥኩት። ጎማው ቅጠሉ ላይ ተቆለፈና ተንሸራተተ። የእኔዋ ኤቢኤስ የላትም፤ ለቪኤፍአር ኤቢኤስ የመጣው ከ2002 ጀምሮ ነው፣ ያኔም እንደ አማራጭ። እጄ በራሱ ለቀቀ፣ ሞተሯ ቀጥ አለች፣ የመንገዱ ዳር ሣር ላይ ቆምኩ። አጋዘኗ አየችኝና ሄደች። እግሬ መሬት ላይ እየተንቀጠቀጠ «ዛሬ አንድ ሞተር ገባ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእማዬ ድምፅ ነበር፤ ድካም ያለበት፣ ጫማ እያወለቀ የሚያወራው።

በዚያ ሳምንት ስለ 2014ቱ ማንበብ ጀመርኩ። በመሃል ቪኤፍአር 1200 የሚባል ነበር፤ 2010 ላይ የወጣ፣ ትልቅ፣ ከባድ፣ በካቴና ፋንታ ወደ ኋላ ጎማው ሻፍት ያለው፣ ከፈለጋችሁ ያለ ፍሪሲዮን የሚነዳ። ቴክኖሎጂው ያስደንቃል፤ ልብ ግን አልገባም፤ የእኔም ጭምር። 2014 ላይ ሆንዳ ወደ ቀድሞው 782 ሲሲ ኢንጂን ተመለሰና ቪኤፍአር 800ን አደሰው። ራዲያተሩ ወደ ፊት መጣ፣ ከወንበሩ ሥር የነበረው ማርሚታ ወደ ጎን ወረደ፣ ኤቢኤስና ጎማው እንዳይሾር የሚቆጣጠር ሲስተም ገባለት። ካምሻፍቱ በካቴና ነው፤ አያፏጭም። እዚሁ አካባቢ አንድ ሰው ያገለገለ፣ ኤቢኤስ ያለው እየሸጠ ነበር። ማስታወቂያውን በቀን ሦስት ጊዜ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ሚያዝያ ላይ እማዬ ልትጠይቀኝ መጣች። ሞተሯን በጨርቅ ሸፈንኳት፤ እንደ ሕፃን ልጅ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጋራዥ ውስጥ መጥረጊያ ስትፈልግ ሄልሜቱን አገኘችው።

ስደርስ ጨርቁን ገፋ ገልጣው ቆማለች።

«ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ሁለት ዓመት።»

ዝም አለች። መጮህ ትችል ነበር፤ ጠብቄም ነበር። የኋላውን ወንበር በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ይሄኛው የማነው?»

«የኋላ ሰው ነው። ማንንም ጭኜ አላውቅም።»

«ወድቀህ ታውቃለህ?»

ስለ ጥቅምት ነገርኳት። 50 ማይል ስላልኩትም፣ ስለ ቅጠሉም። ያላየችውን ራጅ እያነበበች ይመስል ፊቷ አልተለወጠም። ስጨርስ «አስነሳው እስቲ» አለች።

አስነሳኋት። እማዬ አንገቷን ዘመም አድርጋ፣ የታማሚ ደረት እንደምታዳምጥ አዳመጠች።

«ያፏጫል። ታሟል እንዴ?»

«አይ፣ ጤነኛ ነው። ውስጡ ማርሾች አሉ፣ የእነሱ ድምፅ ነው።» ከዚያ ስለ 1983 ነገርኳት፣ ስለ ተበሉት ካሞች፣ ስለ ይቅርታው። በአማርኛ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ፍሬኑስ?» አለች መጨረሻ ላይ።

«ጥሩ ነው። ግን ሲረጥብ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ነገር የለውም። ያ ያለው አዲሱ ላይ ነው።»

«አዲሱም ያፏጫል?»

«አያፏጭም።»

አጠፋኋት። ጋራዡ ውስጥ የሚሞቅ ብረት ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ጠቅ፣ ጠቅ ብቻ ቀረ። እማዬ ጨርቁን አንስታ መልሳ አለበሰቻት፤ ጠርዞቹንም አስተካከለች።

«ቅዳሜ ሥራ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ያኛውን ሄደን እናየዋለን። እኔም እመጣለሁ።»

«በመኪና» አልኳት።

«በመኪና ነዋ!»