የመስጂዱ ባትሪ የሁላችን አማና ነው

መብራት ሲጠፋ አዛኑን የሚያሰማልን ጀማዓው በሰደቃ የገዛው የሶላር ባትሪ ነው። ከኢሻ በፊት መድከም ሲጀምር «አዲስ እንግዛ» የሚል ሐሳብ ተነሳ። እኛ ወጣቶቹ ግን መጀመሪያ ለካነው። ከሶላሩም ከመብራቱም ለይተን ለሰዓታት ካሳረፍነው በኋላ 12.1 ቮልት አሳየ፤ የሞላ ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ 12.7 ገደማ ያሳያል። ፓነሉ አቧራ ለብሷል፣ የባትሪው ውሃም ጎድሏል። ፓነሉን አጠብን፣ የባትሪውን ጫፎች አጸዳን፣ አሲድ ሳይሆን ዲስቲልድ ውሃ ጨመርን። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ለሱብሒም ይደርሳል።

ውድ ወንድምና እህቶች! የሰደቀቱል ጃሪያ ምንዳ የሚቀጥለው ንብረቱ እስከጠቀመ ድረስ ነው። ለሰጡት ሰዎች ይህን በር በቸልተኝነት አንዝጋባቸው። የመስጂዳችሁን ባትሪ በየወሩ እዩት፤ ስትከፍቱት እሳት አታስጠጉ። አላህ አማና ጠባቂዎች ያድርገን።